ማዳም ሆኜ የተማርኩት እንግሊዝኛ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እንግሊዝኛ ግን ጥቂት ቃል አውቃለሁ። የተማርኩትም እዚሁ ኮልፌ፣ እዚሁ ቤቴ፣ እዚቹ ስፖንጇ የወረደ ሶፋ ላይ ማዳም ሆኜ ተቀምጬ ነው። ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ሹድ፣ መስት። አትሳቂ፣ ጻፊ። እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ማዳም ያደረገችኝ እህትሽ ናት። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለማያውቅ ሰው ግን ይጻፍ። እናታችሁ የኔ ልጅ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችሁንም ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ኮሮሪማና ጥቁር አዝሙድ እየቸረቸርኩ። አያታችሁ ከሀገር ቤት ኮሮሪማውን በጆንያ ሲያስመጣ የለመድኩት ንግድ ነው። እሱ ካለፈ በኋላ ጆንያው ወደ ሰሃን ወረደ።

እህትሽ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ ውጤት አልመጣላትም። ጦር ኃይሎች አንድ ካፌ አስተናጋጅ ሆና ገባች። ስትመጣ እግሯ አብጦ ነው የምትመጣው፣ ለብ ያለ የጨው ውሃ አቀርብላታለሁ። አንድ ቀን እግሯ ሳፋው ውስጥ እንዳለ፣ «እማማ፣ አረብ ሀገር ልሄድ ነው» አለችኝ። ልሂድ ወይ አላለችኝም። ልሄድ ነው። እንደዛ ነበረች። ምግብ ሲቀርብ ጸሎቱ ሳያልቅ እጇ ትሪው ውስጥ ነው። ከኔ በኩል ያለውን ሥጋ ለቅማ ትበላብኛለች። «አንቺ ቀማኛ!» ስላት፣ «የእናቴ እናት ነሽ፣ የቀማሁት የራሴን ነው» ትለኛለች። ይሄንን ደህና አድርገሽ ጻፊልኝ። እንዲህ ነበረች።

ማሰልጠኛው አየር ጤና ነው፣ ጋራዦቹን አልፎ አንድ ሕንጻ ላይ። ጠዋት ካውያ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ያ የምንጣፍ አቧራ የሚመጥጠው ማሽን። ከሰዓት ቋንቋ። አረብኛም ትንሽ ትንሽ ያስተምሯቸዋል፣ ለሷ የተገኘላት ቤት ግን ልጆቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚያድጉት፣ ማዳምም ከሠራተኛ ጋር የምታወራው በሱ ነው ተባለ። አስተማሪዋ ራሷ እዚያ ኖራ የመጣች ሴት ናት። ገና የመጀመሪያው ቀን አምስቱን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ «ሌላው እንግሊዝኛ ይቆያችሁ። እነዚህን በየቦታቸው ካላወቃችሁ ግን አለቀላችሁ» አለቻቸው አሉ።

እህትሽ ቤት መጥታ እንዲህ አስረዳችኝ። ካን ማለት መቻል ነው። «ካን ዩ ኩክ?» ካለችሽ ማዳም፣ መልሱ «የስ ማዳም፣ አይ ካን» ነው። ባትችይም ትችያለሽ። አንቺ አንድ ነገር ስትፈልጊ ግን በካን አትጠይቂም፣ ደረቅ ያስብላል። በኩድ ትጠይቂያለሽ። ከኩድ ደግሞ ሜይ ይለሰልሳል። ልግባ፣ ልውጣ፣ ልብላ፣ ልተኛ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ልደውል፣ ይሄ ሁሉ በሜይ ነው። ሹድ የማዳም ነው። ምክር ይመስላል እንጂ ትእዛዝ ነው። መስትም የማዳም ነው። እሱማ ምክርም አይመስል።

«ያንቺ የትኛው ነው ታዲያ?» አልኳት።

«ሜይ።»

«ለሷ ሁለት፣ ላንቺ አንድ?»

«ኩድም አለኝ። እማማ ደግሞ አትጨቅጭቂኝ።»

«አልፈልግም ስትይስ በየትኛው ነው?»

ደብተሯን አገላበጠች። «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አለችኝ።

ለመለማመድ ማዳም ያስፈልጋል። መጀመሪያ አንቺን ሞከረችሽ፣ ሳቅሽ አላስቆም አለሽ። አንቺን የማዳም ሕፃን አድርጋ እዚያ ጥግ እያለቀስሽ እንድትቀመጪ አዘዘችሽ፣ እኔን ሻርፕ ጠምጥማብኝ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ያቺ ጉራጌዋ ባለሱቅ ጎረቤታችን ኮሮሪማ ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ኧረ እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ማዳም ሆኛለሁ።»

«እርስዎ ማዳም ከሆኑማ እኔም ሱቄን ዘግቼ እቀጠራለሁ።»

«አንቺን አልቀጥርም። ወሬ እንጂ ሥራ የለሽም።»

እህትሽ ወጣችና በሩን አንኳኳች። የገዛ ቤቷን በር። «ሜይ አይ ካም ኢን፣ ማዳም?»

«ግቢ፣ ግቢ።»

«በእንግሊዝኛ እንጂ!»

«የስ።»

ገባች። እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆመች። ይሄን ልጥረግ ወይ፣ መስኮቱን ልክፈት ወይ፣ ሕፃኑን ላንሳ ወይ እያለች ሁሉንም በየቃሉ ጠየቀችኝ። እኔም የስ፣ ኖ፣ የስ እያልኩ ቀጠልኩ። አንቺ ስታለቅሺ ቆይተሽ እንቅልፍ ወሰደሽ። ደህና እየሄደልን ነበር። በኋላ ምሳው ቀረበ። እውነተኛው ምሳችን ነው፣ ቆጮና ጎመን፣ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ፊቴ ቆማ፣ «ሜይ አይ ኢት፣ ማዳም?» አለችኝ።

እንግዲህ እኛ ቤት ሰው ብላ ተብሎ ይለመናል እንጂ፣ ልብላ ብሎ አይለምንም። እንግዳ እንኳን ቢሆን «በልቻለሁ» ይላል፣ በሞቴ ይባላል፣ «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ አፈር ስሆን ይባላል፣ ከዚያ እጁን ይታጠባል። የራበው ልጅ ቆሞ ልብላ ወይ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አፌ ቀደመኝ። «ብይ እንጂ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብዬ ጠቅልዬ አፏ ውስጥ ከተትኩት።

ባለሱቋ ከሳቋ ብዛት ግድግዳውን ያዘች። «ወይ ማዳም! እንዲህ ያለችውን ማዳም ለኔም ፈልጉልኝ!»

እህትሽ አልሳቀችም። አፏ እንደሞላ ተቆጣችኝ። «እማማ፣ ማዳም እኮ አታጎርስም! ላተር በይኝ። ላተር ስትይኝ ነው የምለማመደው።»

«ላተር ምንድነው?»

«በኋላ።»

«መቼ በኋላ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ደስ ሲላት።»

እንደገና ወጥታ፣ እንደገና አንኳኩታ ገባች። «ሜይ አይ ኢት፣ ማዳም?» ላተር አልኳት። «ኦኬ ማዳም፣ ታንክ ዩ ማዳም» አለችኝ። ብይ ላላላት ሰው ታመሰግናለች። እጇን አጣምራ እዚያው ቆመች። ጎመኑ ላይ ቅቤው ረጋ። ባለሱቋም ሳቋን ትታ ኮሮሪማዋን ይዛ ወጣች። «በቃ አሁን ብይ» ስላት፣ «ገና ነው፣ ልልመደው» አለችኝ።

እንደዚያ እያልን ከረምን። ፈተናውን አለፈች። አስተማሪዋ ክፍሉ ፊት አቁማ «እንደሷ ሁኑ» አለቻቸው አሉ፣ ደስ ብሏት መጣች። ቸርች ተጸለየላት። ፓስተሩ እጁን ጭኖ «መውጣትሽና መግባትሽ የተባረከ ይሁን» አላት፣ ሁላችን አሜን አልን። ኤርፖርት በሩ ላይ አቅፋኝ፣ «እማማ፣ ስመለስ ማዳም አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። ሳቅን።

መጀመሪያ አካባቢ ዓርብ ዓርብ ትደውል ነበር፣ በምስል። ቤቱን ታሳየናለች፣ የማያልቅ ቤት። ከዚያ ምስሉ ቀረ፣ ድምጿ ብቻ ሆነ። እሱም ቢሆን አሳሰበኝ። የምትናገረው አማርኛ ነው፣ አነጋገሩ ግን የኛ አይደለም። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ እችላለሁ?» ትለኛለች። ምን ማለት ነው? ጠይቂ እንጂ፣ ማን ከለከለሽ? ስትጨርስ ደግሞ «ልዝጋው?» ትላለች። እኔ ዝጊው እስክል ድረስ አትዘጋውም፣ ዝም ብላ ትተነፍሳለች። አንድ ጊዜ ሆን ብዬ ዝጊው ሳልላት ቆየሁ፣ ትንሽ ታውራኝ ብዬ። አላወራችም። አልዘጋችም። ካርዱ አልቆ ተቋረጠ።

ብር ትልክ ነበር። ይሄ ዝናብ የማያስገባው ጣራ የሷ ነው፣ ያንቺም ዩኒፎርም የሷ ነው። እሱን አልክድም።

ኮንትራቷን ጨርሳ መጣች። ቤቱ ሰው ሞልቶ እየጠበቃት ነበር፤ ባለሱቋ ለስላሳ በሳጥን አምጥታለች፣ የቸርች እህቶች አሉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ታክሲው ሲቆም ሰማነው። ከዚያ ምንም የለም። ስወጣ፣ ሻንጣዋ እግሯ ሥር ተቀምጦ፣ የተከፈተውን በር በጣቷ መታ መታ እያደረገች ቆማለች። አየችኝ። «ልግባ?» አለችኝ።

ሰዉ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው፣ ያኔ ስትለማመድ ያያትም ስላለ። ባለሱቋ «ግቢ እንጂ ማዳም!» ብላ እልል አለች። እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ገባች። ቁጭ አላለችም። ተቀመጪ ስትባል ተቀመጠች። ምግብ ቀረበ፣ ሥጋ ነው፣ የምትወደው ቅቅል። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሪውን ታያለች። የመንገድ ድካም ነው አልን። በማግስቱም እንደዛው። ያቺ ቀማኛ እጅ ጭኗ ላይ ተኝታለች። በሞቴ አልኳት። አፈር ስሆን አልኳት። በእናትሽ አጥንት አልኳት፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እሱን እኛ አንልም፣ ግን አልኩ። ጠቅልዬ ላጎርሳት ስል ፊቷን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገች፣ ልመታት የሰነዘርኩ ይመስል። አንቺ ማልቀስ ጀመርሽ። እኔ ሄጄ ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። ልክ ስቀመጥ ዞር ብላ ወደኔ አየች። አስተያየቷን አወቅኩት። እዚያችው ሶፋ ላይ ሻርፕ ጠምጥሜ ሳለሁ ስታየኝ የነበረው ነው።

«የስ» አልኩ። «ዩ ሜይ።»

በላች። ትሪው ላይ ያለውን ሁሉ፣ ጎንበስ ብላ፣ ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ሰው ሐሳቡን የሚለውጥባት ይመስል። ስትጨርስ «ታንክ ዩ» አለችኝ። የቀረችውን ቃል ልትጨምር አፏን ከፍታ መልሳ ዋጠቻት።

ባለሱቋ ነገሩን ስትሰማ ከሱቋ ዘላ መጣች። «ኧረ እማማ፣ ይተዉት ይሄን ነገር! እንዲህ እያሉ አስለምደዋት ዕድሜ ልኳን ልትቀር ነው። ዝም ይበሏት። ሆድ እኮ ጌታ የለውም፣ ሲርባት ራሷ ትበላለች።»

እውነቷን መሰለኝ። ዝም አልናት። ድንቹን ቀቅለን፣ ዳቦውን ቆርሰን፣ ሻዩን ቀድተን ፊቷ አስቀመጥንና የማናያት መስለን በየሥራችን ተበተንን። እኔ ደጅ ቅመሜን አበጥራለሁ፣ በጎን ዓይኔ ግን እሷ ላይ ነው። ጥላው ዞረ። ዝንብ ዳቦው ላይ አረፈ፣ እሽ አላለችውም። ሻዩ ላዩ ላይ ቆዳ አወጣ። አሥር ሰዓት ግድም ባለሱቋ ራሷ መጥታ በመስኮት አየቻትና አፏን በሻሿ ያዘች። «በሉ ይበሏት» አለችኝ፣ «ያንን ነገር ይበሏት፣ እኔ ማየት አልችልም።» አልኳት። በላች።

ምን እንደሆነች ጠይቀናታል። መታችሽ ወይ? አይ። ወንድየው ነካሽ ወይ? አይ። ምግብ ከለከለችሽ? አይ፣ ማዳም ጥሩ ናት። አንድ ቀን ብቻ ነው ትንሽ ነገር የነገረችኝ፣ ፀጉሯን እየሠራኋት፣ ፊቷ ወደዚያ እንደዞረ። «ማዳም ክፉ አይደለችም እማማ። ትረሳለች። ላተር ትለኝና ትወጣለች። እኔ እቆማለሁ። ስትመለስ፣ ኦ አንቺ ገና አልበላሽም እንዴ ትለኛለች፣ ታዝናለች እኮ። ከዚያ ደግሞ ትረሳለች።»

«አንቺ ታዲያ ለምን አልበላሽም? ማን ያይሻል?»

ጥያቄው አልገባትም። እውነት ነው የምልሽ፣ አልገባትም። ምነው መትታት በነበር አልኩ በሆዴ። የተመታ ልጅ ቢያንስ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ በሩን በርግዶ ይወጣል። ይቺን ማን ይከሰስላት?

ቸርች ወሰድኳት። ምስክርነት ትስጥ ብለው መድረክ ላይ አወጧት፣ በሰላም መጥታለችና። ማይኩን ሰጧት። «ልናገር?» አለች። ጉባኤው ሃሌ ሉያ ብሎ ጮኸ፣ በመንፈስ ሆና መስሏቸዋል። ጩኸቱ ሲበርድ ደግማ «ልናገር?» አለች። ደግመው ጮኹ። ተናገሪ ያላት የለም። ማይኩን ለፓስተሩ ሚስት በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችና መድረኩ ጥግ ቆመች፣ ሂጂ እስክትባል።

ሐኪምም አይቷታል። ጨዋ ልጅ ነው፣ «እናቴ፣ ጊዜ ይፈልጋል» አለኝ። «እንቅልፍ ትተኛለች?» ሲለኝ፣ «ተኚ ከተባለች» አልኩት። ጻፈው። ጸሎቱንም አላቋረጥንም፣ መድኃኒቱንም አላቋረጥንም። ይፈልጋል ያለው ጊዜ ግን እየሄደ ነው። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ። ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ነው የምፈራው፣ ምሳ ሰዓቱን። እኔ የሌለሁ ቀን ሶፋው ላይ ማን ይቀመጥላታል? አንቺ? አንቺ እኮ ሳቅሽ አላስቆም ያለሽ ልጅ ነበርሽ። አሁን ስቀሽም አላይ።

ያቺን የትምህርት ቤትሽን የቤት ሥራ ጻፊያት። አይ፣ ጻፊ፣ አታፍሪባት። እነዚያው አምስት ቃሎች መጽሐፍሽ ላይ መጡ። ሱቅ ውስጥ ብትሆኚ ምን ትያለሽ፣ አውቶብስ ውስጥ ምን ትያለሽ፣ መምህር ፊት ምን ትያለሽ። ስትቸገሪ እሷ ከኋላሽ ቆማ አየችው፣ «ልርዳሽ?» አለችሽ። አዎ አልሻት። አንዱንም ሳትስት መለሰችው። መስኮት መክፈት፣ ሜይ። ዕርሳስ መዋስ፣ ኩድ። እንደ ውሃ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ በራ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ ልቤ ተነሳ፣ ጌታዬ፣ ይሄ ነው መንገዱ አልኩ። ከዚያ አንዱ ጋ ስትደርሱ ተነበበ፤ ጓደኛሽ አዲሱን ጫማሽን አውሺኝ አለችሽ፣ አንቺ ማዋስ አትፈልጊም፣ ምን ትያታለሽ? አንቺ አንብበሽ ጠበቅሽ። እሷ መጽሐፉን አየች። «የስ» አለች።

«እሱ እኮ አይደለም፣ አትፈልጊም ነው የሚለው» አልሻት።

እግሯን አየች። ጫማዋን አወለቀችና አጠገብሽ አስቀመጠችልሽ።

መጽሐፉን ዘጋሽው። ደግ አደረግሽ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ልጅሽ ደህና መጣች አይደል፣ ስንቱ በሳጥን ይመጣል፣ አመስግኚ ይለኛል። አመሰግናለሁ። በሩ ላይ ስንት ጊዜ ግቢ እንዳልኳት፣ ስንት ጊዜ ተኚ እንዳልኳት ግን እነሱ አይሰሙም። ጣራው ሥር ያለነው እኛ ነን።

አሁን ምሳው ቀርቧል። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደዚህ እያየች ነው። ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ብዕርሽን አስቀምጪና ክንዴን ደግፊኝ፣ ሶፋው ላይ ልቀመጥላት።